የባክቴሪያ ፔፕታይድ አንቲባዮቲክን ይተካል?

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄን ቶንሲል እየደጋገመ ያስቸግረዋል። በየጊዜው አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል። ከባክቴሪያ የሚገኝ ፔፕታይድ ሊተካው ነው ሲባል ሰማሁ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ጥናቱ እውነት ነው፤ ለልጅዎ ግን ገና አልደረሰም። ፔፕታይድ አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ሲሆን፣ ባክቴሪያዎች ምግብና ቦታ ሲሻሙ ተቀናቃኞቻቸውን ይገድሉበታል። ለምሳሌ ኒሲን የተባለው ፔፕታይድ የተቀናቃኝ ባክቴሪያን ሽፋን ይበሳል፤ አይብ እንዳይበላሽም ያገለግላል። በ2016 የጀርመን ቱቢንገን ተመራማሪዎች በሰው አፍንጫ ከሚኖር ባክቴሪያ ሉግዱኒን የተባለ ፔፕታይድ አገኙ፤ መድኃኒት የተላመደውን ስታፊሎኮከስ አውሪየስ የተባለ ባክቴሪያ ጭምር ይገድላል። ሳሊቫሪሲን የተባለ ፔፕታይድ የሚያመነጨው ስትሬፕቶኮከስ ሳሊቫሪየስ ኬ12 የተባለ ባክቴሪያ ደግሞ በሚመጠጥ ክኒን መልክ ይሸጣል፤ ሕክምናን ግን አይተካም።

እንቅፋቱ ምንድን ነው? ብዙው ፔፕታይድ ሲዋጥ በሆድ ዕቃ ኢንዛይሞች ይሰባበራል። በመርፌ የሚሰጠው ኮሊስቲንም ከባክቴሪያ የተገኘ ፔፕታይድ ነው፤ ነገር ግን ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል ለከባድ ኢንፌክሽን ብቻ ይቆጠባል።

አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አያሻውም። ስለዚህ በየጊዜው ከመስጠትዎ በፊት ያስመርምሩት። መንስኤው በሽታ አምጪ የስትሬፕቶኮከስ ዓይነት ከሆነ ግን የታዘዘለትን ሳያቋርጥ ይጨርስ፤ ሳይታከም ከቀረ የልብ በሮችን የሚጎዳ የሩማቲክ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።