ትክል ድንጋይን በጋለ ሽቦ ከፎም ማውጣት

ከወናጎ ወጣ ብለው የሚገኙት የቱቱ ፈላና የጨልባ ቱቱቲ ትክል ድንጋዮች ከቦታቸው አይነሱም። መነሳትም የለባቸውም፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እነሱም አብረው ተመዝግበዋል። ዲላ ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ለኤግዚቢሽን የሚያቆመው አምሳያ ቢፈልግስ? ከሲሚንቶ ቢያሠራው ማጓጓዙ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ታሽጎ በሚመጣበት በነጩ ፎም ቢሆን ግን ቁመቱ 60፣ የግርጌው ስፋት 20፣ የአናቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ አምሳያ 300 ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል። በድንጋይ ቢሠራ ወደ 40 ኪሎ ይጠጋ ነበር።

ይህን ፎም በመጋዝ የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ ይፈረፈራል፣ ፍሬዎቹም ልብስና እጅ ላይ እየተለጠፉ ያስቸግራሉ። ከፎሙ 98 በመቶው አየር ነው። የቀረው ፖሊስታይሪን የሚባል ፕላስቲክ ሲሆን ሙቀቱ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። የጋለ ቀጭን ሽቦ ሲጠጋው ገና ሳይነካው ከፊቱ እየሟሸሸ መንገድ ይለቅለታል፣ የተቆረጠው ገጽም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ለሕንፃ ጌጥና ለማስታወቂያ የሚሆኑ ትልልቅ ፊደላት ከፎም የሚቆረጡት በዚሁ ዘዴ ነው።

ሽቦው ኒክሮም የሚባል የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ምጣድ ሬዚስታንስ ጋር ወገን ነው። 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኒክሮም በአንድ ሜትር ወደ 8.7 ኦም ይይዛል። 12 ቮልት ሲሰጠው ወደ 16.5 ዋት ሙቀት ያወጣል። ቮልቱን እጥፍ አድርገን 24 ብናደርሰው ግን ሙቀቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ሆኖ ወደ 66 ዋት ይደርሳል። ስለዚህ ቮልቱ ቀስ እያለ ከፍ ሊል ይገባል እንጂ በአንዴ አይለቀቅም። ሽቦው ፈጽሞ መቅላት የለበትም። ከግድግዳ ሶኬት በቀጥታ ማገናኘትማ ሰው ይገድላል፤ የተወጠረው ሽቦ ምንም ሽፋን የለውም።

ሽቦ ሲግል ይረዝማል። አንድ ሜትር ኒክሮም ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል። ትንሽ ይመስላል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ባሉበት ከታሰሩ ግን መሀሉ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይረግባል! አንደኛው ጫፍ በሞላ የሚታሰረው ለዚህ ነው፤ ሞላው ትርፉን እየሳበ ሽቦውን ሁልጊዜ ውጥር ያደርገዋል።

ሽቦውን በኮምፒውተር እየመራ ፎሙን የሚቆርጠውን ማሽን ነገር ለመረዳት ይህን ውጥር ሽቦ ልብ ማለት ይበቃል። ሁለት ምሰሶዎች ግራና ቀኝ ይቆማሉ፣ ሽቦው በመሀላቸው ይወጠራል። በየምሰሶው የሽቦውን ጫፍ አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወስዱ ሞተሮች አሉ። ኮምፒውተሩ አራቱንም በአንድ ጊዜ ያዛቸዋል፤ እንደ ፍላጎቱ ሁለቱን ጫፎች በተለያየ መንገድ ሊያስኬዳቸው ይችላል። ምንም ቢራቀቅ ግን በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ሽቦ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ቀጥ ያለ መስመር ተንሸራቶ ሊፈጥረው የማይችለውን ገጽ ይህ ማሽን አያወጣውም።

የእኛ ትክል ድንጋይ አካል ወደ አናቱ እየጠበበ የሚሄድ ክብ ነው፤ ለሽቦው የተመቸ ቅርጽ ነው። ብሎኩ በሽቦው አቅጣጫ ተጋድሞ አንዱ ጫፍ 20፣ ሌላው 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይዞራል። ምሰሶዎቹ ግን ከብሎኩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብለው ስለሚቆሙ መስመሩ ሲቀጠል በግርጌ በኩል ያለው ምሰሶ የ20.8፣ በአናት በኩል ያለው የ14.2 ክብ መዞር አለበት። ብሎኩ ከየምሰሶው ምን ያህል እንደራቀ ለፕሮግራሙ በትክክል ካልተነገረው ጥሩ ማሽን ይዞም የተዛባ ቅርጽ ያወጣል።

ሌላም ነገር አለ። ሁለቱ ጫፎች እኩል ጀምረው እኩል መጨረስ ስላለባቸው ትንሹን ክብ የሚዞረው የሽቦ ክፍል የትልቁን ሦስት አራተኛ ፍጥነት ብቻ ይዞ ይሄዳል። የዘገየ ሽቦ ብዙ ያቀልጣል። ስለዚህ አናቱ ከታሰበው ይቀጥናል። መፍትሔው አስቀድሞ መለካት ነው፤ በየፍጥነቱ 50 ሚሊ ሜትር ጎን ያለው ካሬ ቆርጦ በካሊፐር ማየት። 48.6 ከወጣ ሽቦው ከየጎኑ 0.7 በልቷል ማለት ነው፤ ፕሮግራሙ መንገዱን ያን ያህል ወደ ውጭ ያሰፋል፣ ለሁለቱም ጫፍ ለየብቻ። ችኮላም ያው ነው፤ ፎሙ ሳይቀልጥ ከተገፋ የሽቦው መሀል ወደ ኋላ ይጎተትና ማዕዘን ሁሉ ይደነብዛል። ማዕዘን ላይ ቆም ይበል ከተባለ ደግሞ ያለበትን ይቦረቡረዋል። እኔ ከሁሉም ሙቀቱን ዝቅ አድርጎ መዝገምን እመርጣለሁ።

ክብ አናት ግን ሌላ ጣጣ ነው። በሁሉም አቅጣጫ የጎበጠን ገጽ ቀጥ ያለ ሽቦ በአንድ ዙር አይሠራውም። ብሎኩ በሚዞር መድረክ ላይ ቆሞ ሽቦው በየ10 ዲግሪው አንድ ጊዜ የአናቱን ጉብታ ተከትሎ ይወርዳል፤ 36 ጊዜ ማለት ነው። የሚቀሩት ጠርዞች በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳሉ። ቱቱ ፈላ ላይ ከሚታዩት የሰው መልኮች ግን አንዱም ከሽቦው አይገኝም። እዚያም ቢሆን ከድንጋዮቹ አንዳንዶቹ የሰው መልክ የተቀረጸባቸው ቀድሞ ሌላ ቅርጽ ከነበራቸው በኋላ ነው። በእኛም ሥራ ፊቱ ኋላ በእጅ፣ በስል ቢላና በብርጭቆ ወረቀት ይወጣል።

መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ሽቦው ይቀዘቅዝና ፎሙ ውስጥ እንደተጣበቀ ይቀራል። በጉልበት መሳብ አያዋጣም፤ መብራቱ ሲመጣ መጀመሪያ ሽቦውን ማጋል፣ ከዚያ ሞተሮቹን ወደ መነሻቸው መመለስ ነው፣ የነበሩበትን ቦታ ረስተዋልና። በርና መስኮት ሁሌም ይከፈት፤ የሚወጣው ጭስ ስታይሪን ይዟል። የፍራሽ ስፖንጅ ሽቦው ላይ አይቀርብም፣ ይከስላል፣ ሳያናይድ ያለበት ጭስም ያወጣል። ፒቪሲ ቦርድም እንዲሁ የሚያቃጥል የአሲድ ጋዝ ይለቃል።

የመጨረሻው ሥራ ቅብ ነው። ቲነርና ቤንዚን ፖሊስታይሪንን ያሟሙታል፤ በቆርቆሮ የሚነፋ ስፕሬይ ቀለም ብዙ ጊዜ የአንድ ቀን ሥራን በደቂቃ ያበላሻል። መጀመሪያ በኮላ የተለወሰ ጂፕሰም ወይም ሲሚንቶ ስስ አድርጎ መለሰን፣ ሲደርቅ ደግሞ በውሃ የሚበጠበጥ የግድግዳ ቀለም፣ ግራጫውን በሁለት ሦስት ዓይነት እየለዋወጡ፣ በስፖንጅ እየነኩ መቀባት ነው።