ለአጫሾች የተለየ ክፍል ማዘጋጀት ከተጠያቂነት አያድንም

የካፌ፣ የምግብ ቤት፣ የሆቴልና የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ስለ ትምባሆ ሕግ ሲጠይቁ ጥያቄያቸው ብዙውን ጊዜ «የሚያጨሰውን ደንበኛ የት እናስቀምጠው?» የሚል ነው። ሕጉ ግን ለዚህ ጥያቄ ቦታ አልተወም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ጣሪያና ግድግዳ ባለው የሕዝብ መገልገያና የሥራ ቦታ ውስጥ፣ በሕዝብ ማመላለሻም ጭምር፣ ማጨስን ከልክሏል። ክልከላው ከግድግዳው አልፎ ከበር፣ ከሚከፈት መስኮትና ከአየር ማስገቢያ እስከ 10 ሜትር ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ በመስታወት የተከለለ «የአጫሾች ክፍል» የቱንም ያህል ወጪ ቢፈስበት ሕጉን አያሟላም። ከመግቢያው አጠገብ ያለ በረንዳም እንደዚያው ነው።

ሕጉ ይህን ያህል የጠበቀበት ምክንያት ሲገባን አፈጻጸሙም ይቀለናል። ደንበኛው ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል፤ አስተናጋጇ፣ የባር ሠራተኛውና ጽዳት የምትሠራው እናት ግን ጭሱን ሲተነፍሱ ይውላሉ፣ ያመሻሉ። የተለየ ክፍል ቢኖርም ትዕዛዝ ተቀብሎ የሚገባበትና የሚያጸዳው ሰው ያው ሠራተኛ ነው። አየር ማናፈሻም መፍትሔ እንዳልሆነ የሙያው ባለቤቶች ራሳቸው ተናግረዋል፤ የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2005 በተዘጋ ቦታ ከጭሱ የሚመጣውን አደጋ የሚያስወግደው ማጨስን መከልከል ብቻ መሆኑን አስታውቋል። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2004 በሥራ ቦታዎች ማጨስን ከከለከለች በኋላ በተደረገ ጥናት፣ በማያጨሱ የመጠጥ ቤት ሠራተኞች ምራቅ ውስጥ የተገኘው የኒኮቲን ምልክት 80 በመቶ ቀንሷል። በእኛም አገር የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኛው ጤናማና አደጋ የማያስከትል የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት መጠበቅን የአሠሪው ግዴታ ያደርገዋል። «ሲቀጠር ጭስ እንዳለ ያውቅ ነበር» የሚለው መከራከሪያም አያዋጣም፤ ሕግ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መብት በውል አይቀነስምና።

ታዲያ ባለቤቱ ምን ያድርግ? ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት የአፈጻጸም መመሪያ ጥሩ መንገድ ያሳያል። «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ በመግቢያውና ውስጥ በግልጽ ይሰቀል። መተርኮሻዎች ይነሱ፤ ጠረጴዛ ላይ ያለ መተርኮሻ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ ይሽረዋልና፣ ለተቆጣጣሪም የመጀመሪያው ማስረጃ የሚሆነው እሱ ነው። አንድ ሰው ሲጋራ ከለኮሰ እንዲያጠፋ በትሕትና ይጠየቅ፤ እምቢ ካለ መስተንግዶው ይቋረጥ፣ እንዲወጣ ይነገረው፣ ካስቸገረም ፖሊስ ይጠራ። ይህን ቅደም ተከተል በጽሑፍ አድርጋችሁ ለአስተናጋጆችና ለጥበቃዎች ስጡ፤ የተፈጸመውንም መዝግቡ። መዝገቡ ክስ ቢመጣ የሚገባችሁን ጥንቃቄ ማድረጋችሁን ያስረዳል። ከሁሉ በላይ ግን ደንበኛን የከለከለች አስተናጋጅ ጉርሻ ቀረባት ወይም ደንበኛው ተቆጣ ተብሎ በአለቃዋ እንዳትወቀስ አድርጉ፤ አለበለዚያ መመሪያው ወረቀት ላይ ይቀራል።

«ገበያ እናጣለን» የሚለው ስጋት በቸልታ የሚታለፍ አይደለም፤ በእንጀራ ላይ የመጣ ጉዳይ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የበርካታ አገሮች ጥናቶች ግምገማ በጥንቃቄ የተሠሩት ጥናቶች በምግብና በመጠጥ ቤቶች ገቢ ላይ ጉዳት እንዳላገኙ አሳይቷል። ክልከላው ሁሉንም ቤት ስለሚመለከት ደንበኛው ለማጨስ ሲል ወደ ጎረቤት የሚሄድበት ሕጋዊ ምክንያት የለም። የአጫሹ ነጻነት ተነካ የሚለውም ውኃ አይቋጥርም፤ ከበሩና ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ማጨስ ይችላል። ከባዱ ጥያቄ ሱቅ ከሱቅ በተጣበቀበት መንገድ ላይ 10 ሜትሩ እንዴት ይከበራል የሚለው ነው። በእኔ አመለካከት ባለቤቱ በእግረኛ መንገድ ላይ ለሚያልፍ አጫሽ ሁሉ መልስ ሊሰጥ አይገባም፤ በዚያ ክልል ውስጥ ወንበር ዘርግቶ፣ መተርኮሻ አቅርቦ እያስተናገደ ግን «ውጭ ነው» ሊል አይችልም።