ስንቁን ይዞ የሚወርድ መሣሪያ

የነዳጅ ዘይት ጉድጓድ ሰው የማይገባበት ጠባብ ቀዳዳ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ብዙ ጊዜ በኪሎ ሜትር ይቈጠራል። ወርዶ የሚያይ ስለሌለ አለቱን የሚመረምር መሣሪያ ይላካል። ኤሌክትሪክን ለዚሁ ሥራ ያዋሉት ኮንራድና ማርሴል ሽሉምበርዤ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ናቸው፤ የመጀመሪያው ልክ የተወሰደውም በአውሮፓ አቈጣጠር ሴፕቴምበር 5 ቀን 1927፣ በአልዛስ ፔሸልብሮን በሚባለው ስፍራ፣ በአንሪ ዶል መሪነት ነው። ጨዋማ ውኃ ያዘለ አለት ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ዘይት ያዘለው ግን ይከለክላል። በፔሸልብሮን ኤሌክትሪኩ ከላይ በሽቦ ይወርድ፣ ልኩም በሽቦው ተመልሶ ይነበብ ነበር። ስለዚህ መሣሪያው የራሱ ስንቅ አላስፈለገውም።

ይሁን እንጂ ኤሌክትሪክ የሚያወርደው ሽቦ ሁልጊዜ አይገኝም። ጉድጓዱ ወደ ጎን ከተጋደመ መሣሪያው በራሱ ክብደት ስለማይወርድ በቁፋሮ ቧንቧ ይገፋል። በቀጭን የብረት ሽቦ ብቻ የሚወርድም አለ፤ ያ ሽቦ መሸከሚያ እንጂ የኤሌክትሪክ መንገድ አይደለም። በቁፋሮ ጊዜ የሚለካ መሣሪያ ከላይ በሚገፋው ጭቃ ተርባይን አዙሮ ኀይል ሊያገኝ ይችላል፤ ፓምፑ ሲቆም ግን ተርባይኑም ይቆማል። እንግዲህ የሚቀረው ባትሪ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ዝምታው ነው። በሽቦ የሚሠራው መሣሪያ ቢበላሽ ከላይ ያለው ሰው ወዲያው ያውቃል። ባትሪ ይዞ የወረደው ግን ያየውን ሁሉ በገዛ ማኅደሩ ከሰዓቱ ጋር ይመዘግባል፤ ከላይ ያለው ሰው በበኩሉ ጥልቀቱን ከሰዓቱ ጋር ይጽፋል፤ ሁለቱ መዝገቦች የሚገናኙት መሣሪያው ከወጣ በኋላ ነው። ባትሪው መንገድ ላይ ቢሞት ይህን የሚናገር የለም። ሠራተኞቹ ሰዓታት ደክመው የሚያወጡት ባዶ መዝገብ ይሆናል።

ታዲያ ከሱቅ የምንገዛው የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ለምን አይበቃም? በውስጡ ያለው ሊጥ በውኃ የራሰ ስለሆነ ነው። ምድር በአብዛኛው ስፍራ በየኪሎ ሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትሞቃለች። ከላይ 20 ዲግሪ ከሆነ፣ አራት ኪሎ ሜትር ሲወረድ 120 ወይም 140 ይደርሳል ማለት ነው። ስለዚህ ውኃ የሌለበት ባትሪ ተፈለገ፤ የተለመደውም ሊቲየም የተባለውን ቀላል ብረት ቲዮኒል ክሎራይድ ከተባለ ፈሳሽ ጋር የሚያገናኘው ነው። አንዱ ሴል ወደ 3.6 ቮልት ይሰጣል፤ የሬዲዮው ድንጋይ 1.5 ብቻ ነው።

የዚህ ሴል ጠባይ ደስ ይላል፤ ያስቸግራልም። ብረቱና ፈሳሹ ሲነካኩ በብረቱ ላይ ስስ የጨው ቆዳ ይበቅላል። ሴሉ ለዓመታት ሳይደክም የሚቀመጠው በዚሁ ቆዳ ነው፤ ድንገት ሥራ ሲታዘዝ ቮልቱ ለጊዜው የሚወድቀውም በዚሁ ቆዳ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከመውረዱ በፊት ጥቂት ጭነት ሰጥተው ያነቁታል። ሌላው ችግር ቮልቱ እስከ መጨረሻው ገደማ ሳይቀንስ መቈየቱ ነው። ግማሹ ያለቀበትና አዲሱ በቮልት መለኪያ አንድ ይመስላሉ። እኛ እንደምናየው እዚህ ላይ ከመለኪያው ይልቅ ደብተር ይታመናል፤ እያንዳንዱ ባትሪ ስንት ሰዓት፣ በስንት ዲግሪ እንደሠራ መጻፍ አለበት።

ስሌቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ለምሳሌ ስድስት ሴሎች በተከታታይ ቢገጠሙ 21.6 ቮልት ይሆናሉ። እያንዳንዱ 12 አምፔር ሰዓት ከያዘ፣ 21.6 በ12 ሲባዛ 259 ዋት ሰዓት ያህል ነው። 4 ዋት የሚበላ መሣሪያ 65 ሰዓት ገደማ ይሠራል ማለት ነው፤ በወረቀት ላይ። ሙቀት ከዚያ ላይ ይቀንሳል፤ መውረጃውና መውጫው፣ እክል ቢያጋጥም የሚጠበቀውም ሰዓት ሁሉ ከዚያው ይበላል።

ከስንቁ ማነስ ይልቅ ጽኑው ወሰን ግን የሙቀቱ ነው። ሊቲየም በ180 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ የቀለጠው ብረት ከፈሳሹ ጋር ሲገናኝ ሴሉ ሊፈነዳ ይችላል። ማግኒዚየም ተቀላቅሎበት እስከ 200 ዲግሪ ገደማ የሚሠራ ሴል ወጥቷል። ከዚያ በላይ ሲሆን መሣሪያውን ከነባትሪው በፔርሙስ ዓይነት ዕቃ ከትተው ለጥቂት ሰዓታት ያወርዱታል። በአገራችን በአሉቶ ላንጋኖ የተቈፈሩት የእንፋሎት ጉድጓዶች ዘይት ባይኖራቸውም ከ300 ዲግሪ በላይ ተለክቶባቸዋል፤ እንዲህ ባለው ስፍራ ያለ ፔርሙስ የወረደ የሊቲየም ባትሪ ቦምብ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ጉድጓድ ባትሪ የሌለው፣ እንደ ሰዓት በሞላ የሚሠራና ልኩን በብረት ወረቀት ላይ የሚጭር መለኪያም ነበር። ንድፉ አሮጌ ቢሆንም ልንንቀው አይገባም።

አደጋው ከጉድጓዱ አፍ ላይም ይቀጥላል። መሣሪያው ወጥቶ ዝም ካለ ሠራተኛው ምን እንደ ነካው ለማየት ይጓጓል። ነገር ግን ውስጡ ሴል ተሰንጥቆ፣ ጋዝ ታምቆ ሊሆን ይችላል። ፈሳሹ የአየር እርጥበት ሲነካው ሳንባ የሚያቃጥል የአሲድና የድኝ ጋዝ ይሰጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ይርቃል፤ መሣሪያው እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ ከዚያም የሚከፍተው ሥራውን የተማረና መከላከያ የለበሰ ሰው ነው፤ የሚቆመውም ከጫፉ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ነው። ያለቀው ሴል ዳግመኛ አይሞላም፤ ከእሳትም አይጣልም።