«ጦቢያ»ን አረርቲ ላይ ስናነብ

ባለፈው የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት፥ የጤፉ ውቂያ ገና ሳያልቅ፥ ከምንጃር የመጣን ሦስት የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች አረርቲ ላይ ተገናኝተን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» እየተቀባበልን ጮክ ብለን አነበብነው። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ያን ጊዜ የተከራከርንበትን ነው።

መጽሐፉ በ1908 እ.ኤ.አ. በሮማ ታተመ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው ይኸው ነው፤ ዛሬ ግን በጀግናይቱ ስም «ጦቢያ» እየተባለ ይጠራል። ታሪኩ እንደ ተረት ይሄዳል። የክርስቲያኑ ወገን ይሸነፋል፥ የጦር አለቃው ይማረካል። ነጻ ከወጣም በኋላ ልጁ ዋሕድ የአባቱን ውለታ ለመክፈል ከቤት ይወጣና በባርነት ይወድቃል። መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትነሣለች።

እኛ ብዙ የቆየንበት እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ሐዘንተኛ ይቀመጣል፤ ጎረቤት ይመጣለታል፥ እድሩ ድንኳን ይተክልለታል። ነገር ግን ለጠፋ ሰው አይቀመጡም። ቀብር የለውም፥ ተዝካር የለውም፥ እናት እንኳ አልቅሳ የምትጨርስበት ቀን የላትም። አፈወርቅ ይህን በሚገባ ያወቀው ይመስለናል፤ የእርሱ ሐዘንተኞች ተነሥተው ይሄዳሉ።

ቀጥሎ ያለው የሼክስፒርን «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» ላነበበ ሁሉ እንግዳ አይሆንበትም። እዚያም መንትዮች ይጠፋፋሉ፥ እኅቲቱ ወንድ መስላ ትኖራለች፥ አንዲት እመቤት ወንድ መስላት ትወዳታለች፥ በመጨረሻም ወንድሟን ታገባለች። በ«ጦቢያ»ም የንጉሡ ዘመድ እንዲሁ ተሳስታ ትወድና ከዋሕድ ጋር ትጋባለች። አንዱ ከሌላው ወሰደ ለማለት ግን አንደፍርም፤ እንዲህ ያለው ተረት በብዙ አገር አለ።

ክርክሩ የተነሣው በንጉሡ ምክንያት ነው። ክርስቲያን ያልሆነው ይህ ድል አድራጊ በጦቢያ ውበት ልቡ ይለሰልሳል፥ ሴትነቷን ካወቀ በኋላም በፍቅሯ ተሸንፎ ሃይማኖቷን ተቀብሎ ያገባታል። ከእኛ አንዱ «ገዢ በፍቅር ሲሸነፍ ማሳየት ትልቅ ነገር ነው» አለ። ያረፍንበት ቤት እመቤት ጤፍ እያበጠሩ ያዳምጡ ነበርና፥ «ልጆቼ፥ መልከ ጥፉ ብትሆን ኖሮስ?» አሉን።

ሣቅን፤ በኋላ ግን ሣቁ ተወን። በእርግጥ የንጉሡ ምሕረት የሚጀምረው ካማረ ፊት ነው። በዚያው ጦርነት የተማረኩት፥ በዚያው ገበያ የተሸጡት ሌሎች ሰዎች ያለቃሽ ቀርተዋል። የአንድ ቤት ሐዘን በሠርግ ካሰ ተብሎ አገር ተካሰ ማለት ይቻላልን? ጦቢያ የሚለው ስም ራሱ የኢትዮጵያ የቁልምጫ ስም በመሆኑ ጥያቄው ይከብዳል።

«ለዘመኑ ይህም ብዙ ነው» ብሎ የተከራከረን ጓደኛችን አሁንም በሐሳቡ እንደ ጸና ነው። ደራሲው ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለጠላት አድሮ፥ ከነጻነት በኋላ ተፈርዶበት በ1947 እ.ኤ.አ. በግዞት ጅማ ላይ ሞተ። «ከሃዲ ስለ አገር የጻፈውን ምን እናነባለን?» የሚሉን አሉ። እኛ ግን እናነባለን፤ አማርኛው ጣፋጭ ነው፥ ፍለጋውም እውነተኛ ነው። በንጉሡ ላይ ግን ከእመቤቲቱ ጋር ነን።