በድንበር ላይ የጸኑ ሴቶች

ንባብ፦ ዘጸአት 1፥15-21፤ ሩት ምዕራፍ 1 እና 2።

ስለ ጀግንነት ስንሰማ ብዙ ጊዜ በልባችን የሚታየን ጦርና ጋሻ የያዘ ሰው ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን የጦር ዕቃ ሳይዙ የጸኑትንም ያሳየናል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ዛሬ ጥቂቶቹን እንመለከታለን። ይህንም የምናደርገው እነርሱን ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ በሞያሌ፥ በኬንያና በኢትዮጵያ ድንበር ላይ የምንኖር እኛ ከእነርሱ የምንማረው ስላለ ነው።

1. እግዚአብሔርን የፈሩ አዋላጆች

የግብፅ ንጉሥ ሲፓራንና ፉሐን ጠርቶ የዕብራውያንን ወንዶች ሕፃናት ሲወለዱ እንዲገድሉ አዘዛቸው። እነርሱ ግን እግዚአብሔርን ስለ ፈሩ ሕፃናቱን በሕይወት አኖሩ። እናስተውል፤ በዚህ ምዕራፍ የንጉሡ ስም አልተጻፈም፤ የሁለቱ አዋላጆች ስም ግን ተጽፎ እስከ ዛሬ ይነበባል። ድፍረታቸውስ ከወዴት መጣ? ከንጉሡ የሚበልጠውን ስለ ፈሩ ንጉሡን ለመፍራት ስፍራ አላገኙም። ያደረጉትም ነገር ከዕለት ሥራቸው ውጭ አልነበረም፤ እንደ ወትሮው ሕፃናትን አዋለዱ።

2. ተመለሺ ስትባል ያልተመለሰች ሩት

የሩት መጽሐፍ የሚጀምረው በራብ ነው። ራብ ምን እንደ ሆነ ለሞያሌ ሰው መንገር አያስፈልግም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ገና የሚባለው ትልቁ ዝናብ ሀገያ የሚባለውም ትንሹ ዝናብ አምስት ወቅት ተከታትለው በጎደሉ ጊዜ፥ የቦረና ከብት በየሜዳው ሲወድቅ ታይቶአልና። ኑኃሚንም ከባልዋና ከሁለት ልጆችዋ ጋር ስለ ራብ ድንበር ተሻግራ ወደ ሞዓብ ሄደች። በዚያም ባልዋ ሞተ፤ ልጆችዋም አግብተው ዐሥር ዓመት ያህል ከኖሩ በኋላ ሞቱ። በቤተ ልሔም እንጀራ እንደ ተገኘ ሰምታ ስትመለስ ሁለቱ ምራቶችዋ ተከተሉአት።

በመንገድ ላይ ኑኃሚን ራስዋ እንዲመለሱ ለመነቻቸው። ዖርፋ አልቅሳ ተመለሰች፤ መጽሐፍም አይነቅፋትም። ሩት ግን ተጠግታ ቀረች፤ የኑኃሚንን ሕዝብ ሕዝብዋ፥ የኑኃሚንንም አምላክ አምላክዋ አደረገች። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሞዓባዊ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ በሕግ ተጽፎ ነበርና (ዘዳግም 23፥3)፥ በዚያች አገር በደስታ እቀበላለሁ ብላ ተስፋ የምታደርግበት ምክንያት አልነበራትም።

ከዚህ በኋላ ምን አደረገች? ቃርሚያ ልትለቅም ወጣች። ከጧት ጀምራ ዘለላውን አንድ በአንድ ለቅማ፥ ማታ ስትወቃው አንድ ኢፍ የሚያህል ገብስ ሆነ። እንግዲህ የሩት እምነት በመንገድ ላይ በአንዲት ሰዓት ተነገረ፤ በእርሻው ግን ጎንበስ ቀና እያለች በየቀኑ ፈጸመችው።

3. ቃል የለቀመች አስቴር

ምናልባት፦ ይህ የጥንት ነገር ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ስለዚህ ወደ ዘመናችን ከቀረቡት አንዲት የኢትዮጵያ ሴት እንመልከት።

አስቴር ጋኖ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1872 ዓመት ገደማ ነጻ ሆና ተወለደች፤ በኋላ ግን የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። በ1886 ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ በባሕር ስትወሰድ የኢጣልያ መርከቦች የተጫነችበትን ጀልባ ይዘው ነጻ አወጡአት። በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉም ወደ ስዊድን ወንጌላዊት ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች።

በዚያ ኦነሲሞስ ነሲብ ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ ይተረጉም ነበር። እርሱ ግን ገና በልጅነቱ ተሰርቆ ከአገሩ ስለ ወጣ የእናቱ ቋንቋ በአፉ ሙሉ አልነበረም። አስቴር ቋንቋውን በጥልቀት ታውቅ ነበርና መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ተደረገ፤ በ1893 የታተመው የአዲስ ኪዳን ትርጕም በእርሱ ተስተካከለ። ደግሞም አምስት መቶ የሚያህሉ እንቆቅልሾች፥ ተረቶች፥ ምሳሌዎችና ዜማዎች ጻፈች፤ ብዙዎቹም በ1894 በወጣው የጀማሪዎች ንባብ መጽሐፍ ታተሙ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። በ1904 ከኦነሲሞስና ከሌሎች ጋር ወደ ወለጋ ተመለሰች፤ በ1964 ዐረፈች።

ያ ትርጕም ሲነሣ የኦነሲሞስ ስም ይጠራል፤ ይገባዋልም። የአስቴርን ስም የሚጠሩ ግን ጥቂቶች ናቸው። ከእርስዋ ነጻነትዋን፥ ቤትዋን፥ ዘመዶችዋን ወሰዱባት፤ ሊወስዱባት ያልቻሉት የእናትዋን ቋንቋ ነበር። እርስዋም ይህን እንደ ቃርሚያ ቃል በቃል ለቅማ ለእግዚአብሔር ሥራ አቀረበችው። አነጋገሩ ከስፍራ ስፍራ ቢለያይም፥ ቦረናና ገብራ በሞያሌ ግራና ቀኝ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ይኸው ነው።

4. ይህ ለእኛ ምንድር ነው?

በመጋቢት 2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኢትዮጵያ ሞያሌ ሰዎች በጥይት በተገደሉ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ኬንያ ሞያሌ ተሻገሩ፤ የሚበዙትም ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ሩት በደጃችን ቆማ ነበር ማለት ነው። ዛሬም ልጅዋን አዝላ፥ ዕቃዋን ተሸክማ በኬላው የምታልፈው መበለት የማን ወገን ነሽ ተብላ ትጠየቃለች።

ቦዔዝ ለሩት ያደረገውን እናስብ። ጎልማሶቹ እንዳይነኩአት አዘዘ፤ ከውኃቸው እንድትጠጣ ፈቀደ፤ ከነዶውም ሆን ብለው እንዲተዉላት ነገራቸው። የእርሻ ዳር ለመጻተኛ፥ ለድሃ አደግና ለመበለት እንዲቀር እግዚአብሔር አዝዞ ነበርና። እንግዲህ የሴቶችን ድፍረት አመስግነን ሸክሙን ለእነርሱ ብቻ ብንተው ትምህርቱ አልገባንም። ለእንግዳይቱ ከለላ መሆን፥ ሴት ልጅን ከትምህርት ቤት አለማስቀረት፥ በማኅበራችን በስውር የሚያገለግሉትን በስማቸው ማመስገን የእኛ የነዶ ድርሻ ነው። በዚህ ብዙ ጊዜ ጎድለናል፤ ንስሓ ልንገባ ይገባናል።

ደግሞም ማንም፦ እኔ እንደ ሩት ብርቱ አይደለሁም ብላ ተስፋ አትቁረጥ። ሩት በብርታትዋ ዋጋ አልገዛችም፤ ባዶ እጅዋን መጥታ ከእግዚአብሔር ክንፍ በታች ተጠጋች እንጂ። እርሱም መጻተኛይቱን የዳዊት ቅድመ አያት አደረጋት፤ በጌታችንም የትውልድ መጽሐፍ ከረዓብ ጋር ስምዋ ተጻፈ (ማቴዎስ 1፥5)። የሚያጸናን የያዘን የእርሱ እጅ ነው።

ለማሰላሰል፦

ሀ. ዛሬ ከእግዚአብሔር ይልቅ የምንፈራው ማንን ነው?

ለ. በእጃችን የቀረልን ትንሽ ነገር ምንድር ነው? ለጌታስ እንዴት እናቅርበው?

ሐ. በሰፈራችን ያለችው ሩት ማን ናት? ምን ነዶ ተውንላት?

ሲፓራንና ፉሐን፥ ሩትንና አስቴርን ያጸና አምላክ እኛንም ያጽናን። አሜን።