ልብ ባይነሣሣም ቤትን በንጽሕና ስለ መያዝ



በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ብዙ ታላላቅ ጉዳዮች እንከራከራለን። ስለ አገር ዕድገት፥ ስለ ፍትሕ፥ ስለ ሕዝብ ጤና እስከ እኩለ ሌሊት ሐሳብ የምንለዋወጥበት ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ራሱ ለክርክር የሚበቃ ነው። ከአልጋው ሥር ያልታጠበ ካልሲ፥ በመስኮቱ ደፍ ላይ ሻጋታ ያወጣ የሻይ ብርጭቆ፥ በየጥጉ የወረቀት ክምርና የሙዝ ልጣጭ ይገኝበታል። ባለክፍሉ ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ዐውቃለሁ፤ ግን ልቤ አልተነሣም» ይላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን መልስ መመርመር ነው። ሐሳባችንም በአጭሩ ይህ ነው፤ የቤት ንጽሕና ልብ እስኪነሣ የሚቆይ ሥራ ሳይሆን ሰዓትና ልማድ የሚያዙት ሥራ ነው። ልብ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው።

ሀ/ ልብ የማይነሣበት ምክንያት

ብዙ ሰው ነገሩን «ስንፍና» ብሎ ያልፈዋል። ሲመረመር ግን ቢያንስ ሦስት ምክንያቶች ይገኙበታል።

አንደኛው የሥራው መከማቸት ነው። በየቀኑ ቢሠራ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ለአንድ ወር ሲተው ተራራ ይሆናል። ተራራውን ያየ ሰው ከየት እንደሚጀምር ይጠፋውና ተመልሶ ይተኛል። እርሱ በተኛ ቁጥር ክምሩ ያድጋል፤ ክምሩ ባደገ ቁጥርም መጀመሩ ይብስ ይከብዳል።

ሁለተኛው አስተዳደግ ነው። ብዙ ወንድ ተማሪ መጥረጊያ ሳይጨብጥ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ቤቱን ስትጠርግ የኖረችው እናቱ፥ እኅቱ ወይም የቤት ሠራተኛዋ ናት። እኅቱ ሳህን ስታጥብና ውሃ ስትቀዳ እርሱ አጥንቷል፤ ስለዚህ ያጠናበት ሰዓት በከፊል ከእርሷ ሰዓት የተወሰደ ነው። ይህን የተረዳ ሰው፥ ዛሬም ሌላ ሰው መጥቶ ክፍሉን እንዲያነሣለት መጠበቅ አይገባውም። ስለ እኩልነት በመድረክ ላይ መናገር መልካም ነው፤ ነገር ግን ተናጋሪው ከመድረክ ወርዶ የበላበትን ሳህን ካላጠበ ንግግሩ ጎዶሎ ነው።

ሦስተኛው ሕመም ነው። አንድ ጓደኛችን ቀድሞ የሚወደውን ነገር ሁሉ ከተወ፥ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ከተለወጠ፥ ድካም ከተጫነው፥ ይህም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቀን ወደ ቀን ከቀጠለ፥ ነገሩ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማየት ያስፈልገዋል። እንዲህ ላለው ሰው ተግሣጽ አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ «በል፥ አንተ ልብስህን ሰብስብ፤ እኔ ልጥረግ» ቢለውና ወደ ሐኪምም አብሮት ቢሄድ ነው።

ለ/ ቆሻሻ የእኛን ልብ አይጠብቅም

እኛ ልባችን እስኪነሣ ስንጠብቅ ሌሎች ፍጥረታት ሥራቸውን አያቋርጡም። የቤት ዝንብ በሞቃት ወራት ከዕንቁላልነት ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ከ7 እስከ 10 ቀን ያህል ይበቃታል። ከመጸዳጃ ቤት ተነሥታ በምግባችን ላይ ስለምታርፍም የተቅማጥ በሽታ ታመጣለች። ስለዚህ ቆሻሻ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከቤት ከወጣ ዝንቧ ክንፍ ሳታወጣ መንገዷ ይቋረጣል፤ አንድ ወር ከሰነበተ ግን ብዙ ትውልድ ይወጣበታል።

ትኋንም እንዲሁ ነው። በፍራሽ ስፌትና በአልጋ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ያለ ምግብ ብዙ ወራት ሊቆይ ይችላል። ዕንቁላሉ የሚፈለፈለው ዐሥር ቀን ያህል ቆይቶ ስለ ሆነ፥ አንድ ቀን አጽድቶ መተው አይበቃም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መድገም ያስፈልጋል። አንሶላና ብርድ ልብስ በ60 ዲግሪ ሙቀት ውሃ ቢታጠብ ትኋኑም ዕንቁላሉም ይሞታል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ መስኮቱ ተዘግቶ እርጥብ ልብስ የሚሰጣበት ክፍል ሻጋታ ያወጣል፤ ሻጋታም አስም ያለበትን ሰው ደረት ያስጨንቃል። ስለዚህ የጓደኛ ቸልተኝነት ለባለቤቱ ብቻ የሚቀር ጉዳይ አይደለም፤ በአንድ ክፍል የሚያድሩት ሁሉ ይካፈሉታል።

ሐ/ ልማድ እንዴት ይተከላል?

የዚህ መልስ በአገራችን ቤት ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ይታያል። ቡና ሊፈላ ሲል አስቀድሞ ወለሉ ይጠረጋል፤ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ከዚያ በኋላ ረከቦት ይቀርባል። ለመጥረግ ልቧ ተነሥቶ እንደ ሆነ ባለቤቲቱን የሚጠይቃት የለም፤ የቡናው ሰዓት ራሱ መጥረጊያውን ይጠራዋል። ዐውደ ዓመት ሲደርስም ቤቱ የሚጸዳው ቀኑ ስላዘዘ ነው። ቁም ነገሩም አንዱን ሥራ ከሌላ፥ ከማይቀር ሥራ ጋር ማሰር ነው።

ይህንኑ የለንደን ተመራማሪዎች በጥናት ተመልክተውታል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. በታተመው ጥናታቸው 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ቀላል ተግባር መርጠው፥ ለምሳሌ ከቁርስ በኋላ፥ በየቀኑ በተወሰነ ጊዜ እንዲፈጽሙት ተደረገ። ተግባሩ ያለ ብዙ ሐሳብ የሚሠራ ልማድ እስኪሆን የፈጀው ጊዜ በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ሆኖ ተገኘ፤ እንደ ሰውየውና እንደ ተግባሩም ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። በአንድ ሳምንት ልማድ አልሆነልኝም ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ እንዲሁም አንድ ቀን ቢታለፍ ልማዱን እንደማያፈርሰው በጥናቱ ስለ ታየ፥ «ትናንት ስላለፈኝ ከእንግዲህ ተበላሽቷል» ማለት ከንቱ ምክንያት ነው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

መ/ የሥራው ቅደም ተከተል

1ኛ/ ሰዓት ወስኑ። ጠዋት ፊት ከታጠቡ በኋላ አልጋ ማንጠፍና መስኮት መክፈት፤ ማታ ከእራት በኋላ ሳህን ማጠብና ወለል መጥረግ። ሁሉም ቢደመር ከዐሥር ደቂቃ ብዙ አያልፍም።

2ኛ/ ልብ ፈጽሞ በማይነሣበት ቀን ሦስት ነገር ብቻ ሥሩ፤ የሚበሰብሰውን ቆሻሻ አውጡ፥ የበላችሁበትን ዕቃ እጠቡ፥ መስኮት ክፈቱ። መጻሕፍቱና ልብሱ ቢዘበራረቁም በሽታ አያመጡም፤ ነገ ይደርሳሉ። ሦስቱ ከከበዷችሁም አንድ ብርጭቆ ብቻ እጠቡ፤ እጅ ከረጠበ ሁለተኛው አይከብድም።

3ኛ/ ከላይ ወደ ታች ሥሩ። አቧራ ወደ ታች ስለሚወርድ አስቀድሞ መደርደሪያው፥ ቀጥሎ ጠረጴዛው፥ በመጨረሻ ወለሉ ይጸዳል። ከመጥረግ በፊት ጥቂት ውሃ እፍ እፍ ቢደረግ አቧራው አይነሣም።

4ኛ/ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ፥ የጀሪካኑን ውሃ በተራ ተጠቀሙበት። በመጀመሪያ ብርጭቆ፥ ቀጥሎ ሳህን፥ ቀጥሎ ድስት ይታጠብበታል፤ የተረፈው ውሃ መጸዳጃ ቤት ይደፋል።

5ኛ/ በረኪና ከመጠቀማችሁ በፊት ዕቃውን ወይም ወለሉን በሳሙና እጠቡ፤ ቆሻሻ የበረኪናን ኀይል ይጨርሰዋልና። በረኪናን ከሎሚ፥ ከኮምጣጤ፥ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ከቶ አትቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚጎዳ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል።

6ኛ/ ክፍሉ የጋራ ከሆነ የተራ ሰንጠረዥ በበሩ ላይ ለጥፉ። በሰንጠረዡ ላይ «ክፍል ማጽዳት» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ «ሰኞ፥ ቆሻሻ ማውጣት፥ እገሌ» ተብሎ ሥራውና ባለ ተራው ተለይቶ ይጻፍ። ያለዚያ ቆሻሻ አይቶ የማይችል አንድ ትዕግሥተኛ ሰው የሁሉን ሥራ ይሠራል፤ በመጨረሻም ይቀየማል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።

ሠ/ ስለ አንድ ተቃውሞ

«ፈተና ደርሷል፤ መጥረጊያ የምይዝበት ጊዜ የለኝም» የሚል ይኖራል። በቀን ዐሥር ደቂቃ በሳምንት 70 ደቂቃ ነው። ይህን ጊዜ የሚቆጥብ ተማሪ የጠፋ ደብተርና የጠፋ እስክርቢቶ ሲፈልግ፥ የትኋን ንክሻ ሲያክና እንቅልፍ አጥቶ ሲገላበጥ ምን ያህል ጊዜ እንደሚከፍል አብሮ ያስላ። በፈተና ሰሞን ሥራውን ወደ ሦስቱ ነገሮች ማሳነስ ይፈቀዳል፤ ፈጽሞ መተው ግን ዕዳ ማጠራቀም ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ነገ ለአገር የሚጠቅም ትልቅ ሥራ እንሠራለን ብለን እናስባለን። ያም ሥራ በአብዛኛው ልብ በማይነሣበት ቀን የሚሠራ፥ ማንም የማያጨበጭብለት ሥራ ይሆናል። ከክፍላችን ወለል የተሻለ መለማመጃ በቅርብ አይገኝም። ይህን ገጽ አንብባችሁ ስትጨርሱ ዐሥር ደቂቃ ቁጠሩና ጀምሩ፤ ልባችሁ በኋላ ይደርስባችኋል።