የውስጠ ዓይነት ማዛመጃን ደግሞ መጠቀም፦ አድራሻ በጤና መረጃ ልውውጥ

የጤና መረጃ ከአንድ ሥርዓት ወደ ሌላ ሲሸጋገር የምንጩ መስኮች ከመድረሻው መስኮች ጋር የሚዛመዱበት ትርጉም በኮድ ይጻፋል። ችግሩ የሚጀምረው አንድ ዓይነት በሌላ ዓይነት ውስጥ ሲገኝ ነው። አድራሻ በታካሚው፣ በቅርብ ተጠሪውና በጤና ተቋሙ መዝገብ ውስጥ አለ፤ ማዛመጃው በሦስቱም ቦታ ለየብቻ ሲጻፍ ሦስት የተለያዩ ውሳኔዎች ሊሆን ይችላል።

የደብረ ወርቅን ነዋሪ እንውሰድ። ከተማዋ በአማራ ክልል፣ በምሥራቅ ጎጃም ዞን፣ በእናርጅ እናውጋ ወረዳ ትገኛለች። በኤችኤልሰቨን ፋየር መስፈርት (አራተኛው እትም) የአድራሻ ዓይነት ግን በአገርና በከተማ መካከል ያሉት መስኮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ «ስቴት» እና «ዲስትሪክት»። ክልሉ በመጀመሪያው ይቀመጣል። ሁለተኛውን የሚይዘው ዞኑ ነው ወይስ ወረዳው? የታካሚውን ማዛመጃ የጻፈው ዞኑን፣ የተቋሙን የጻፈው ወረዳውን ቢመርጥ፣ ታካሚን ከወረዳው ጤና ጣቢያ ጋር የሚያገናኝ ፍለጋ ባዶ ውጤት ይመልሳል። የስሕተት መልእክትም አይወጣም፤ ለኮምፒውተሩ ሁለቱም ተራ ጽሑፍ ናቸውና። በእኔ አስተያየት ቦታው ለወረዳው ይገባል፤ ዞኑ በተጨማሪ መስክ ሊያዝ ይችላል። ሌላው ሰው ተቃራኒውን ቢመርጥም፣ ውሳኔው በአንድ ቦታ ብቻ እስከተጻፈ ድረስ ፍለጋው ይሠራል።

በጃቫ ማፕስትራክት የአድራሻው ማዛመጃ ራሱን በቻለ ኢንተርፌስ ይጻፍና ሌሎቹ ማዛመጃዎች «ዩዝስ» በተባለው ባሕርይ ይጠሩታል። መሣሪያው በኮምፓይል ጊዜ የምንጩንና የመድረሻውን ዓይነት አይቶ ተገቢውን ሜቶድ ይመርጣል። አደጋው ይህ ጥሪ ሲረሳ ነው። ማፕስትራክት አያቆምም፤ በመስክ ስም መመሳሰል ላይ ተመሥርቶ የራሱን የውስጥ ማዛመጃ ያመነጫል። «ወረዳ» እና «ዲስትሪክት» በስም ስለማይገናኙ መስኩ ባዶ ይቀራል፤ ፕሮግራመሩ የሚያየው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፣ እርሱም በብዙ መስመሮች መካከል በቀላሉ ይጠፋል። ስለዚህ ያልተዛመደ የመድረሻ መስክ ኮምፓይሉን እንዲያስቆም ፖሊሲውን ወደ «ኤረር» መለወጥ፣ ወይም የውስጥ ማዛመጃ ማመንጨትን መከልከል ያስፈልጋል። (በዶትኔት አውቶማፐር ደግሞ ማዛመጃው ካልተመዘገበ ችግሩ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜ ይገለጣል።)

ነባር መዝገብ በሚታደስበት ጊዜ ግን የጋራው ትርጉም ብቻውን አይበቃም። አዲስ አድራሻ የሚፈጥረው ሜቶድ ብቻ ካለ የቀድሞው አድራሻ በሙሉ ይተካል፤ በመድረሻው በኩል ብቻ የነበረው፣ ለምሳሌ አድራሻው የሚጸናበት ጊዜ፣ አብሮ ይጠፋል። ለዚህ ነባሩን አድራሻ ተቀብሎ የሚያድስ ሁለተኛ ሜቶድ በዚያው ኢንተርፌስ መጨመር አለበት።